አንድ ትልቅ ቁጥር በወረቀትና በእስክሪብቶ እንዴት ይበተናል? ከ45,695,592 ጋር ደረጃ በደረጃ

ዛሬ የምንበትነው ቁጥር ይሄ ነው፦ 45,695,592። አርባ አምስት ሚሊዮን ስድስት መቶ ዘጠና አምስት ሺህ አምስት መቶ ዘጠና ሁለት።

እዚህ አዳማ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ሒሳብ ሳስጠና የማየው ነገር አለ። ትልቅ ቁጥር ፊታቸው ሲመጣ እጃቸው ቀጥታ ወደ ስልክ ነው። ስልኩ መልሱን ይሰጣል፤ ለምን እንደሆነ ግን ትንፍሽ አይልም። ፈተና ላይ ደግሞ ስልክ የለም።

ስለዚህ ሙሉውን ሥራ በእጅ እንሠራዋለን። አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ፦ ቁጥሩን ወደ ፕራይም አካፋዮቹ እስክትበትኑት ድረስ ልፉ። መጽሐፉ «ብቸኛ ቁጥር» የሚላቸውን ማለቴ ነው፣ ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ሌላ አካፋይ የሌላቸውን። ድካሙ ያለው እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ የአካፋዮቹ ብዛት በሉ፣ ድምራቸው በሉ፣ ቁጥሩ የሁለት ስኩዌሮች (በራሳቸው የተባዙ ሙሉ ቁጥሮች) ድምር መሆን አለመሆኑ በሉ፣ ሁሉም ከዚያችው አንዲት መስመር ላይ ይነበባል።

የራሳችሁን ቁጥር ይዛችሁ ጎን ለጎን ብትሠሩ የበለጠ ይገባችኋል። ከሎተሪ ቲኬት፣ ከመብራት ቆጣሪ፣ ከፈጣን መንገዱ የክፍያ ደረሰኝ፣ ከየትም አምጡት። የባንክ ሒሳብ ቁጥር ግን ይቅርባችሁ፤ ወረቀቱ የትም ይወድቃል። የእኔን ቁጥር ሆን ብዬ ነው የመረጥኩት፣ ምክንያቱን 17 ላይ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

ደረጃ 1፦ ቁጥሩን በትክክል ጻፉት

ቀላል ይመስላል፣ ግን ግማሹ ስህተት የሚመጣው ከዚህ ነው። ከቀኝ ጀምራችሁ በየሦስት አሃዙ ኮማ አድርጉ። ኮማው ለውበት አይደለም፣ በኋላ ለ7 እና ለ37 ስንፈትሽ በሦስት በሦስት የተከፈለውን ቁጥር ነው የምንጠቀመው።

በኮምፒውተር ልታረጋግጡ ከፈለጋችሁ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ኤክሴል ከ15 አሃዝ በላይ በትክክል አይዝም። ባለ 16 አሃዝ ቁጥር ብታስገቡበት የመጨረሻዋን አሃዝ ዜሮ አድርጎ ቁጭ ያደርጋታል፤ እናንተ ደግሞ «ለ10 ይካፈላል!» ብላችሁ ትደሰታላችሁ። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ላይ ይሄ ችግር የለም፣ ሙሉ ቁጥር የፈለገውን ያህል ቢረዝም ይይዛል። የእኛ 8 አሃዝ ስለሆነ የትም ቢሆን ሰላም ነው።

ደረጃ 2፦ ሳታካፍሉ በዓይን የሚታየውን ልቀሙ

የመጨረሻው አሃዝ 2 ነው። ከዚህ ብቻ ሁለት ነገር እናውቃለን። አንደኛ፣ ተጋማሽ ነው። ሁለተኛ፣ የማንም ሙሉ ቁጥር ስኩዌር ሊሆን አይችልም፤ ስኩዌር የሆኑ ቁጥሮች የሚያልቁት በ0፣ 1፣ 4፣ 5፣ 6 ወይም 9 ብቻ ነው። በ2፣ በ3፣ በ7 ወይም በ8 የሚያልቅ ካያችሁ ሳትደክሙ እለፉት።

አሁን አሃዞቹን ደምሩ። 4+5+6+9+5+5+9+2 = 45፣ እንደገና 4+5 = 9። ስለዚህ ለ9 ይካፈላል። ለምን? 10 ማለት 9 ሲደመር 1 ነው፣ 100 ማለት 99 ሲደመር 1 ነው፣ 1000ም እንደዚያው። ዘጠኞቹን ስትጥሉ ከእያንዳንዱ ቦታ የሚተርፈው አሃዙ ራሱ ነው፤ ለዚህ ነው የአሃዞቹ ድምር ለ9 ሲካፈል የሚተርፈው ቁጥር ከዋናው ቁጥር ቀሪ ጋር የሚገጥመው።

ቀጥሎ ዳግም ዘሩን በግምት አውጡ፣ ስኩዌር ሩቱን ማለቴ ነው። 6760 በራሱ ሲባዛ 45,697,600 ይሆናል፤ ከእኛ ቁጥር በ2,008 ብቻ ይበልጣል። ስለዚህ ዳግም ዘሩ ከ6760 ትንሽ ያንሳል፣ 6759.85 አካባቢ ነው።

ይሄ ምን ያደርግልናል? አካፋዮች ሁሌም ጥንድ ጥንድ ናቸው። የጥንዱ አንዱ ከዳግም ዘሩ ከበለጠ ሌላው የግድ ያንሳል፣ ሁለቱም ቢበልጡማ ብዜታቸው ከቁጥሩ ያልፍ ነበር። ስለዚህ እስከ 6759 ድረስ አንድም ፕራይም ካልገባበት ቁጥሩ ራሱ ፕራይም ነው። ማንኛውም ባለ 8 አሃዝ ቁጥር ዳግም ዘሩ ከ10,000 በታች ነው፣ ከ10,000 በታች ያሉት ፕራይሞች ደግሞ 1,229 ናቸው። ብዙ ነው አይደል? አትፍሩ። አንድ አካፋይ በተገኘ ቁጥር ቁጥሩ ያንሳል፣ ገደቡም አብሮት ይወርዳል።

ደረጃ 3፦ 2ቶቹንና 3ቶቹን ጨርሳችሁ አውጡ

«ጨርሳችሁ» የምትለዋን አስምሩባት። አንዴ ለ2 አካፍሎ ወደ 3 መዝለል የተለመደ ጥፋት ነው።

45,695,592 ለ2 ሲካፈል 22,847,796። እንደገና 11,423,898። እንደገና 5,711,949። አሁን ጎዶሎ ሆነ፣ ቁሙ። ሦስት 2ቶች አሉት፣ ማለትም 2³። በዓይንም ይታይ ነበር፦ የመጨረሻዎቹ ሦስት አሃዞች 592 ናቸው፣ እነሱ ለ8 ይካፈላሉ። የመጨረሻዎቹ አራት፣ 5592፣ ለ16 አይካፈሉም።

ወደ 3። 5,711,949 ለ3 ሲካፈል 1,903,983፣ እንደገና 634,661። የዚህ አሃዞች ድምር 26 ነው፣ ለ3 አይሆንም። ስለዚህ 3²።

5ስ? በ1 ያልቃል፣ አይሆንም።

በእጃችን የቀረው 634,661 ነው። አዲሱን ገደብ አውጡ፦ 796 በራሱ ሲባዛ 633,616፣ 797 በራሱ ሲባዛ 635,209። ስለዚህ እስከ 796 ብቻ። ከ6759 ወደ 796 ወረድን።

ደረጃ 4፦ 7ን፣ 11ን እና 13ን በአንድ ድንጋይ

ይቺን ዘዴ በጣም ነው የምወዳት፣ ክፍል ውስጥ ለምን በደንብ እንደማትነገር አይገባኝም።

7 × 11 × 13 = 1001። ኮማውን ተጠቅማችሁ 634,661ን ለሁለት ክፈሉትና የግራውን ከቀኙ ቀንሱ፦ 661 − 634 = 27። ቁጥሩ ለሦስቱም ሲካፈል የሚተርፈው 27 ለእነሱ ሲካፈል ከሚተርፈው ጋር እኩል ነው። ምክንያቱም 634,661 ማለት 634 ጊዜ 1001 ሲደመር 27 ነው፣ 1001 ደግሞ ለሦስቱም ያለ ቀሪ ይካፈላል።

27 ለ7 ሲካፈል 6 ይተርፋል። ለ11 ሲካፈል 5። ለ13 ሲካፈል 1። ሦስቱም ወደቁ፣ አንድም ረጅም ማካፈል ሳንሠራ።

ቁጥራችሁ ከ6 አሃዝ በላይ ከሆነ ቡድኖቹን ከቀኝ ጀምራችሁ አንዴ ደምሩ አንዴ ቀንሱ። ለ5,711,949 ቢሆን ኖሮ 949 − 711 + 5 ትሉ ነበር።

ደረጃ 5፦ 17፣ የአዳማው ቁጥር

ለ17 መፈተሻው እንዲህ ነው። የመጨረሻውን አሃዝ ቁረጡ፣ በ5 አባዙት፣ ከቀረው ላይ ቀንሱ። ቁጥሩ ትንሽ እስኪሆን ደጋግሙ።

634,661፦ 63,466 − 5 = 63,461።
63,461፦ 6,346 − 5 = 6,341።
6,341፦ 634 − 5 = 629።
629፦ 62 − 45 = 17።

17 ወጣ! ስለዚህ ይካፈላል፣ 634,661 = 17 × 37,333።

ለምን በ5? ምክንያቱም 51 ማለት 3 × 17 ነው። አንድ አሃዝ ቆርጣችሁ አምስት እጥፉን መቀነስ፣ ከዋናው ቁጥር ላይ የዚያን አሃዝ 51 እጥፍ ቀንሶ ለ10 ከማካፈል ጋር አንድ ነው። 51 እጥፍ መቀነስ በ17 መካፈልን አይነካም፣ ለ10 ማካፈሉም አይነካም፤ 10 እና 17 የሚጋሩት ነገር የለም።

አሁን 51 የምትለዋን ቁጥር የአዳማ ሰው ሊያውቃት ይገባል። ወደ አዲስ አበባ ስትወጡ ኮረብታው ላይ ከሚታዩት የነፋስ ተርባይኖች የመጀመሪያው ምዕራፍ፣ አዳማ አንድ፣ 51 ሜጋ ዋት ነው። 34 ተርባይኖች፣ እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋ ዋት። አዳማ ሁለት ደግሞ 102 ተርባይኖች፣ 153 ሜጋ ዋት። አሁን እዩ፦ 34 = 2 × 17፣ 51 = 3 × 17፣ 102 = 6 × 17፣ 153 = 9 × 17። ሁለቱ ሲደመሩ 136 ተርባይኖች፣ 8 × 17፤ 204 ሜጋ ዋት፣ 12 × 17። የትም ብትነኩት 17 ነው።

ተአምር የለበትም። ሁለተኛው ምዕራፍ በትክክል የመጀመሪያው ሦስት እጥፍ ነው፣ 34 ላይ 17 ካለ ሌሎቹ ላይ መግባቱ የግድ ነው። ቢሆንም 153 ብቻውን ጉድ ነው፦ ከ1 እስከ 17 ያሉትን ቁጥሮች ብትደምሩ 153 ይመጣል፤ አሃዞቹን እያንዳንዳቸውን ሦስት ሦስት ጊዜ በራሳቸው አባዝታችሁ ብትደምሩ፣ 1 + 125 + 27፣ አሁንም 153። እንግዲህ 17 ያለበት ቁጥር የመረጥኩት ለዚህ ነው።

ደረጃ 6፦ 37,333ን መስበር

አዲስ ገደብ፦ 193 በራሱ ሲባዛ 37,249 ነው፣ 194 ያልፋል። ስለዚህ እስከ 193።

ከየት እንጀምር? ከ2 አይደለም። 7 ለ634,661 ካልሆነ ለ37,333ም አይሆንም፣ ምክንያቱም 37,333 ራሱ የ634,661 አካፋይ ነው። የወደቀ ሁሉ እንደወደቀ ይቀራል። ስለዚህ ከ17 እንቀጥላለን፣ 17 ሁለት ጊዜ ሊገባ ስለሚችል።

17፦ 1 ይተርፋል። በአንዲት አመለጠ።
19፦ 17 ይተርፋል።
23፦ 4።
29፦ 10።
31፦ 9።
37፦ ምንም አይተርፍም። 37 × 1009 = 37,333።

እነዚህን በረጅሙ ማካፈል ያሰለቻል፣ አልዋሽም። የአዳማ የቀትር ሙቀት ላይ ደግሞ ይብሳል፣ ማታ ሥሩት። ለ37 ግን አቋራጭ አለ፦ 999 = 27 × 37። ስለዚህ የሦስት አሃዝ ቡድኖቹን ደምሯቸው፣ 37 + 333 = 370። 370 ለ37 እንደሚካፈል ለማንም ግልጽ ነው።

እንዲያውም ከመጀመሪያው ቁጥር ላይ ማየት ይቻል ነበር። 45 + 695 + 592 = 1,332፣ እንደገና 1 + 332 = 333፣ 333 ደግሞ 9 × 37 ነው። የራሳችሁን ቁጥር ስትይዙ ይሄን ድምር ቀድማችሁ ብትሞክሩ አይከፋም፣ ጊዜ አይወስድም።

ደረጃ 7፦ 1009፣ እና መቼ እንደሚቆም ማወቅ

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ያለ ምክንያት ይለፋል። 1009 ፕራይም ነው ወይ? ገደቡ 31 ነው፣ 32 በራሱ ሲባዛ 1024 ስለሚሆን። እስከ 31 ያሉትን ፕራይሞች በሙሉ ግን ሞክረን ጥለናል፤ 2ቱንና 3ቱን ጨርሰን አውጥተናል፣ ሌሎቹ ወድቀዋል፣ 17ም ለሁለተኛ ጊዜ አልገባም። ስለዚህ ምንም ተጨማሪ ማካፈል አያስፈልግም። 1009 ፕራይም ነው፤ እንዲያውም ከባለ አራት አሃዝ ፕራይሞች ሁሉ ትንሹ እሱ ነው።

መስመራችን ይሄው፦

45,695,592 = 2³ × 3² × 17 × 37 × 1009

ገደቡ እንዴት እንደወረደ ልብ በሉ፣ 6759፣ 796፣ 193፣ 31። የእናንተ ቁጥር እንደዚህ ላይታዘዝ ይችላል። ትንንሾቹን ካወጣችሁ በኋላ 6 ወይም 7 አሃዝ ያለው ግትር ቁጥር ቢቀር፣ እስከ 100 ያሉትን 25 ፕራይሞች በእጅ ሞክሩና ቀሪውን ለኮምፒውተር ስጡት። ነውር የለውም። ቁጥሩ በጣም ሲረዝም ለኮምፒውተርም ይከብደዋል፤ አርኤስኤ-250 የሚባለው ባለ 250 አሃዝ ቁጥር ለውድድር ቀርቦ የተበተነው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው፣ እሱም ብዙ ኮምፒውተሮች ተረባርበውበት። የኢንተርኔት ምስጢር መጠበቂያ አንዱ መሠረት ይኸው ችግር ነው፦ ማባዛት ቀላል፣ መበተን ከባድ።

ደረጃ 8፦ ሳታረጋግጡ አትለፉ

17 × 37,333ን በሌላ መንገድ እናረጋግጥ፣ በውጭ የሒሳብ መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዣ» እየተባለ በሚጠራው። የግራውን ቁጥር እያጋመሳችሁ ውረዱ፣ ግማሽ ከመጣ ጣሉት። የቀኙን እጥፍ እያደረጋችሁ ውረዱ።

17 — 37,333
8 — 74,666
4 — 149,332
2 — 298,664
1 — 597,328

በግራ በኩል ጎዶሎ የሆኑትን መስመሮች ብቻ ውሰዱ፣ 17 እና 1። ከፊታቸው ያሉትን ደምሩ፦ 37,333 + 597,328 = 634,661። ገጠመ። የማባዣ ሰንጠረዥ ሳታውቁ፣ ማጋመስና ማጠፍ ብቻ ችላችሁ፣ ምንም ያህል ትልቅ ቁጥር ታባዛላችሁ።

ፈጣን ቁጥጥር ከፈለጋችሁ ደግሞ በ9ኙ ዘዴ፦ የ17 አሃዞች ድምር 8፣ የ37,333 ድምር 19 ማለትም 10 ማለትም 1፣ ብዜታቸው 8። የ634,661 ድምር 26፣ ማለትም 8። ይሄ ስህተትን ሁሉ አይዝም፣ ለምሳሌ ሁለት አሃዝ ቦታ ቢቀያየር አያይም። አብዛኛውን ግን ይይዛል።

አሁን በነፃ የሚመጣው

*ስንት አካፋዮች አሉት?* አንድ አካፋይ ለመሥራት 2ን ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ትወስዳላችሁ፤ 4 ምርጫ። 3ን ዜሮ፣ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፤ 3 ምርጫ። ለ17፣ ለ37፣ ለ1009 ሁለት ሁለት ምርጫ፣ ወይ መውሰድ ወይ መተው። 4 × 3 × 2 × 2 × 2 = 96። በአጭሩ እያንዳንዱ አርቢ (ከፕራይሙ ራስጌ በትንሹ የሚጻፈው፣ ካልተጻፈ 1 የሆነው) ላይ 1 ጨምራችሁ አባዙ። 96 አካፋዮች፣ 48 ጥንዶች።

ከጥንዶቹ መካከል እርስ በርስ በጣም የሚቀራረቡት 6054 እና 7548 ናቸው። ያን ያህል ካሬ ንጣፍ ቢኖራችሁና በሙሉ አራት ማዕዘን ቦታ ላይ ብትደረድሩት፣ ወደ እኩል ጎን የሚጠጋው ቅርጽ ይሄ ነው።

*ድምራቸውስ?* ለእያንዳንዱ ፕራይም ከ1 ጀምሮ እስከ አርቢው ያሉትን ደምሩና አባዙ፦ (1+2+4+8) = 15፣ (1+3+9) = 13፣ ከዚያ 18፣ 38፣ 1010። ብዜቱ 134,713,800። ቁጥሩን ራሱን ከዚህ ስትቀንሱ 89,018,208 ይቀራል፣ ከራሱ ይበልጣል። የእንደዚህ ዓይነቱ ስም ትርፍ ቁጥር ነው። 6 ግን የራሱን አካፋዮች፣ 1+2+3፣ ስትደምሩ 6 ራሱን ይሰጣል፣ 28ም እንደዚሁ፤ እነሱ ፍጹም ቁጥሮች ይባላሉ። የእኛ ፍጹም አይደለም፣ ተርፎታል።

*ከ1 እስከ ራሱ ካሉት ውስጥ ስንቱ ከእሱ ጋር ምንም የጋራ አካፋይ የላቸውም?* (ከ1 በቀር ማለት ነው።) ይሄ የኦይለር ፋይ የሚባለው ነው። ለ2³ 4፣ ለ3² 6፣ ለ17 16፣ ለ37 36፣ ለ1009 1008። አርቢው 1 ለሆነ ፕራይም አንድ መቀነስ ነው፤ ለሌላው ደግሞ አርቢው በአንድ ያነሰውን መቀነስ፣ 8 − 4 እና 9 − 3። ብዜቱ 13,934,592። ከመቶ 30 አካባቢ መሆኑ ነው። የመጀመሪያዎቹን አራቱን ብቻ ብታባዙ 13,824 ይመጣል፣ እሱም 24 × 24 × 24። እንዲያው ገጠመኝ ነው፣ ግን ያምራል።

በሁለት ቤትና በግዕዝ ሲጻፍ

ለኮምፒውተር ቋንቋ በተከታታይ ለ2 አካፍሉ፣ የሚተርፈውን 0 ወይም 1 ከቀኝ ወደ ግራ ጻፉ። ማጋመሱ ከላይ የሠራነው ነው፣ የኢትዮጵያ ማባዣ ውስጡ ይሄው ሁለት ቤት አጻጻፍ ነው። ውጤቱ፦

10 1011 1001 0100 0010 0110 1000

26 ቦታ፣ ከእነሱ ውስጥ 11 አንዶች። መጨረሻው ላይ ያሉትን ሦስት ዜሮዎች አያችሁ? እነሱ 2³ ናቸው።

በግዕዝ ደግሞ እንደ ኮማው በሦስት በሦስት አይደለም፣ በሁለት በሁለት ከቀኝ ክፈሉት፦ 45 | 69 | 55 | 92። እያንዳንዱን ጥንድ በአስሩና በአንዱ ምልክት ጻፉ፣ ፵፭፣ ፷፱፣ ፶፭፣ ፺፪። ከዚያ ከቀኝ ስትቆጥሩ ሁለተኛው ጥንድ ላይ ፻ ጨምሩ፣ ሦስተኛው ላይ ፼፣ አራተኛው ላይ እንደገና ፻። ሙሉው፦

፵፭፻፷፱፼፶፭፻፺፪

ስታነቡት 4,569 እልፍ እና 5,592 ነው። ግዕዝ ዜሮ የለውም፤ ቁጥራችሁ ውስጥ 00 የሆነ ጥንድ ካለ አሃዙ አይጻፍም፣ እዚያ ጋ ተጠንቀቁ፤ በተለይ የ፼ ቦታ ላይ ከወደቀ ጥንዱ ባይኖርም ምልክቷ መቅረት የለባትም፣ ከግራዋ ያለውን የምትሸከመው እሷ ናት።

የመጨረሻው፦ የሁለት ስኩዌሮች ድምር ነው?

ይሄኛው ከሁሉም ይጣፍጣል። ፌርማ የሚባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1640 ለሌላው የሒሳብ ሰው ለሜርሰን በጻፈው ደብዳቤ ላይ አነሳው፣ ማረጋገጫውን ያወጣው ግን ከመቶ ዓመት በኋላ ኦይለር ነው። ደንቡ እንዲህ ነው፦ ፕራይሞቹን ለ4 አካፍሉ። 3 የሚተርፋቸው፣ እንደ 3፣ 7፣ 11፣ 19 ያሉት፣ አርቢያቸው ተጋማሽ ከሆነ ቁጥሩ የሁለት ስኩዌሮች ድምር ሆኖ ይጻፋል። አንዱ እንኳ ጎዶሎ አርቢ ካለው ዕድሜ ልካችሁን ብትፈልጉ አታገኙም።

የእኛን እዩ። 17፣ 37፣ 1009 ለ4 ሲካፈሉ ሁሉም 1 ይተርፋቸዋል። 3 ብቻ ነው አስቸጋሪው፣ እሱም 3² ስለሆነ አርቢው ተጋማሽ ነው። አለፈ! ቁጥሩን ለ3 ብታካፍሉትና 15,231,864 ብትወስዱ ኖሮ አንድ 3 ብቻ ስለሚቀር የማይቻል ይሆን ነበር።

አሁን እናግኘው። መጀመሪያ ትንንሾቹ፦ 17 = 4² + 1²፣ 37 = 6² + 1²። ለ1009 ከላይ ጀምራችሁ ስኩዌሮችን ቀንሱ፦ 31² ሲቀነስ 48፣ 30² ሲቀነስ 109፣ 29² ሲቀነስ 168፣ 28² ሲቀነስ 225። 225 ማለት 15² ነው፣ ተገኘ።

ማጣበቂያው ከክርስቶስ ልደት በኋላ በሰባተኛው ክፍለ ዘመን ሕንዳዊው ብራህማጉፕታም የሚያውቀው ቀመር ነው፦

(ሀ² + ለ²)(ሐ² + መ²) = (ሀሐ − ለመ)² + (ሀመ + ለሐ)²

ሁለቱን ምልክቶች ብትለዋውጡም ይሠራል። 17 እና 37ን በተለዋወጠው አጣብቁ፦ 24 + 1 = 25፣ 4 − 6 ደግሞ −2፣ ስኩዌር ሲሆን ምልክቱ ይጠፋል። 25² + 2² = 629። ይሄን ከ28 እና ከ15 ጋር፦ 700 − 30 = 670፣ 375 + 56 = 431። የቀረው 72 ነው፣ 8 × 9፣ እሱም 6² + 6²። ስለዚህ 6 × (670 − 431) = 1434፣ 6 × (670 + 431) = 6606።

1434² = 2,056,356
6606² = 43,639,236
ድምር = 45,695,592

ምልክቶቹን በየደረጃው እየለዋወጣችሁ ብትሄዱ በጠቅላላው አራት የተለያዩ መንገዶች ይወጣሉ፣ ከአራት አይበልጡም። ሁለተኛው 786² + 6714² ነው። የቀሩትን ሁለቱን እናንተ አውጡ፤ ለአንደኛው ከ23² + 10² ጀምሩ፣ ለሌላው ከ25² + 2²።